ያልተዘጋ ቆጣሪ

አስራ ዘጠኝ ዓመት ዶሮ ማነቂያን አነበብኩ፣
በየጓሮው ጥግ፣ በየመጸዳጃው በር ተንበረከክኩ፤
ክዳኑን በመፍቻ፣ ጭቃውን በአውራ ጣት አንስቼ፣
ስድስቱን አሃዝ ከነጠብጣባቸው ደብተሬ ላይ አስፍቼ።
ሰው ምስጢሩን ከጎረቤት ይደብቃል፤
ቆጣሪ ግን ያውቃል፦
የአራስ ቤት ጨርቅ፣ የለቅሶ ቤት ድስት፣
የባልና ሚስት ኩርፊያ ሳይቀር በኪዩብ ይታወቃል።

የዘቢደር ግቢ፣ መዝገብ ቁጥር ሁለት መቶ አርባ፤
አንድ ቧንቧ፣ አስራ አንድ አባወራ፣
አንድ ቁልፍ በዘቢደር አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣
ከመስቀሏ ጋር እየተጋጨ ቅጭል ቅጭል የሚል።
ባልዲ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ይውላል፤
ልብስ ሰፊው ሽኩር ይቀድማል፣ ሳጅን ደርበው ይቆጣል።
የወሩ ሒሳብ ሲመጣ እሷው ትደለድላለች፤
"አንተ ጢምህን በየቀኑ ትላጫለህ፣
ሦስት ብር ጨምር" ትላለች።

ከዚያ የካቲት መጣ። ቀይ ቀለም መጣ። ስብሰባ መጣ።
ማይክራፎን የያዘው ልጅ ትሁት ነበር፣ አልተቆጣ።
"ለልማት ነው" አለ። ልማትን ማን ይጠላል?
ጣሪያው ያፈሳል፣ አይጡ በጠራራ ፀሐይ ይሄዳል፣
ግድግዳው የቆመው በአሮጌ ጋዜጣና በጸሎት ነበር።
ያ ሽንት ቤት ናፈቀኝ ብል
ውሸቴን ነው፣ እግዜር ይመስክር።

ብቻ ሁሉም በሳምንት አለቀ።
ዘቢደር አይሱዙ ላይ ፍራሽ ተደግፋ
ወደ አራብሳ ስትወጣ መኪናውን አስቁማ ጠራችኝ፤
"የመጨረሻውን ጻፍልኝ፣ ዕዳ ጥዬ አልሄድም" አለችኝ።
ጻፍኩላት። ከፈለች። ደረሰኙን አጥፋ ጡቷ ስር ከተተች፤
ቁልፉን ግን አልመለሰች።

ዛሬ መንገዱ ሰፊ ነው፤ መብራቱ ሌሊቱን ቀን ያስመስላል፤
ዘንባባው በእንጨት ተደግፎ፣ ሥር እስኪሰድ፣ ይጠብቃል።
ሙዚቃ ሲለቁለት የሚዘል ፏፏቴ አለ፤
ቆጣሪው ከቢሮ ይነበባል፣
የሚንበረከክለት ሰው አላስፈለገ።
ልጄ ፌቨን በብስክሌቱ መስመር እጇን ለቃ ትነዳለች፣
"አባ፣ እዚህ ምን ነበር?" ትላለች።
ደስ ብሏታል። እኔም እሷን ሳይ ደስ ይለኛል።
"ሰልፍ ነበር" እላታለሁ፤ ትስቅብኛለች።

ሽኩር የስፌት መኪናውን አራተኛ ፎቅ ተከለ፤
የታች ጎረቤቱ "ጣሪያዬ ነዘረ" ብሎ ከሰሰው።
ሳጅን ደርበው ሲያርፍ ዕድሩ ድንኳኑን ጭኖ
ከብሎክ ብሎክ ዞረ፣
የሟቹን በር የሚያሳይ ሰው አጥቶ፣
መኪና ማቆሚያው ላይ ተክሎት አደረ።

ትናንት ማለዳ፣ አበባው መደብ አጠገብ፣
አዲሱ ንጣፍ መሃል መዳፍ የምታክል እርጥበት አየሁ።
ዝናብ የለም። የአትክልተኛው ጎማ እዚያ አይደርስም።
ልማድ ነውና ተንበረከክኩ፣ ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ አስጠጋሁ።
ስስስ ይላል።
አንዲት ጽድ ቀርታለች ከድሮው፤
ከእሷ ሠላሳ ሁለት ርምጃ ቆጠርኩ፣ ወደ ግራ ሰባት።
ሁለት መቶ አርባ ነው።

መመሪያው ግልጽ ነው፦ ፍሳሽ ያየ በዕለቱ ያሳውቃል፤
ሁለት ሰው፣ አንድ ዶማ፣ ግማሽ ቀን፣ ይደፈናል።
ጥበቃው ከሩቅ "ምን ወደቀብህ አባት?" አለኝ።
"ቁጥር" አልኩት።
ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፤
ለመሥሪያ ቤቴ አይደለም፣ ለዘቢደር ደወልኩ።

"ቧንቧሽ ይፈሳል" አልኳት።
ዝም አለች። ከጀርባዋ በደረጃው
ጀሪካን ሲጎተት ይሰማል፤ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ነው።
"በእጄ ነው እኮ የዘጋሁት፣
ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው" አለች።
ቅጭል ሲል ሰማሁት።
ቀጥላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
ሰው እንዳይሰማባት ይመስል፣
"ስንት ቆጠረ?"